ከወለተ ሥላሴ ቤት የመጣው ጭቃ

እትዬ አቻምየለሽ አፈር የሚቀምሱ ሴት ናቸው። ይህን ያየሁት ጎረቤት በሆንን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ደጃፋቸው ላይ ሦስት የአፈር ክምር ነበር። ከእያንዳንዱ በሁለት ጣታቸው እየቆነጠሩ ምላሳቸው ላይ አደረጉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካላመጡ በኋላ እንትፍ አሉ።

«ይኼኛው አሸዋ ይበዛዋል፤ በጥርስ ይንቋቋል። ያኛው ዋልካ ነው፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ግድግዳ ላይ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መካከለኛው ደኅና ነው» አሉኝ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው።

እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ አፈር ዓይነት በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አፈርን በምላሱ የሚያነብ ሰው ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

ሥራቸው ምርጊት ነው። የተወለዱት ቡሬ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር መንደር ሲሆን፣ እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በዚያ አገር የታወቁ መራጊ ነበሩ። ሙሽራ የሚያስገባ ቤት ሁሉ ወለተ ሥላሴን ሳይጠራ አይደግስም ይባላል። የራሳቸውን ቤት ደግሞ ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ውስጡን እንደ አዲስ ይለስኑት ነበር፤ ዘመን ሲለወጥ ግድግዳም ይለወጥ ባይ ነበሩ። አቻምየለሽ ጭቃ ማቀበል የጀመሩት በስምንት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ከማገሩ በታች ያለውን ክፍል እሳቸው፣ ከማገሩ በላይ ያለውን እናታቸው ይለስኑ ነበር። የእናትና የልጅ እጅ የተገናኘበትን ቦታ ማንም ለይቶ ማየት እንዳልቻለ ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይፈካል።

ተዳሩ፤ አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ባላቸው ታመው ሞቱ። ልጃቸውን ማርያማዊትን አዝለው ወደ ፍኖተ ሰላም መጡ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ግድም ሆኗቸዋል። የከተማችንን የቆዩ ቤቶች ብትቆጥሩ፣ የእትዬ አቻምየለሽ እጅ ያረፈባቸውን ከመቁጠር ያላረፈባቸውን መቁጠር ይቀላል። ኋላ ብሎኬት መጣ፤ ተከትሎም ጂፕሰም የሚሉት ነጭ ዱቄት መጣ። ሰው ጭቃ ቤትን እንደ ድህነት ማየት ጀመረ። እሳቸውን የሚጠራቸው ወጥ ቤት ወይም የከብት ቤት የሚያስመርግ ብቻ ሆነ። የሰው ግድግዳ ሲያሳምሩ ኖረው፣ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በኪራይ ቤት ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴቶች ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ ሲያገኙ ለእሳቸውም ደረሳቸው፤ ቦታው ከእኔ ቤት ጎን ነው። ቤቱን በእንጨትና በጭቃ አቁመው፣ ክዳኑን ቆርቆሮ አልብሰው፣ በርና መስኮት ገጠሙለት። የቀረው ውስጡ ነበር። ሰው ሁሉ «አሁንማ የእጅዎን ጥበብ የሚያሳዩበት ጊዜ ደረሰ» ሲል፣ ልጃቸው ማርያማዊት ከባሕር ዳር መጣች።

ማርያማዊት ፋርማሲስት ናት። ትዳሯም ሥራዋም ባሕር ዳር ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እኔም በነበርኩበት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻቸው። እንደ ወተት የነጣ ግድግዳ፣ መብራት የተሰካበት ኮርኒስ፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ።

«ያምራል» አሉ እናትየዋ። «የማን ቤት ነው?»

«የማንም አይደለም፤ ናሙና ነው።»

«ሰው አይኖርበትማ። እንዲያ በይኝ! ሰው የሚኖርበት ቤት እንዴት እንዲህ ይጸዳል?»

«እማ፣ አትቀልጂብኝ። ዕድሜሽን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ነበርሽ። አሁን እንኳ ከጭቃ ብትወጪ ምናለበት? የልጅ ልጅሽ መጥቶ አቧራ ላይ ነው የሚድኸው?»

እትዬ አቻምየለሽ እጃቸውን አዩት። የጥፍራቸው ዙሪያ ለዘለዓለም ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ በሳሙና አይለቅም። ልጅቱ ክፉ ልብ ኖሯት አይደለም የተናገረችው፤ እናቷ እንዲያርፉላት ፈልጋ ነው። ቃሉ ግን የት እንዳረፈ ለእኔም ታወቀኝ።

«እሺ የኔ ዓለም» አሉ በመጨረሻ። «እንዳልሽው ይሁን።»

ጂፕሰሙና ሴራሚኩ ከባሕር ዳር እንዲመጣ ታዘዘ። ያን ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን ይዘጋ ነበር። ዕቃው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባለ ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ገባ። እሳቸው ባዶው ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያልተለሰነውን ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። የሚጠብቁት ዕቃ ሳይሆን እንግዳ ሰው ይመስል ነበር።

እንዲህ ሳሉ ታናሽ ወንድማቸው ወንዳወቅ ከመንደር ደወለ። የእናታቸውን ቤት አፍርሶ በቦታው ብሎኬት ቤት ሊሠራ ነው። ቤቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ካረፉ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አልኖረበትም፤ የእህል መክተቻ ሆኖ ነበር።

«መምህር» አሉኝ ዓርብ ማታ በአጥሩ በኩል፣ «ነገ ሥራ ከሌለህ አብረኸኝ ሂድ። የእናቴ ቤት ሲፈርስ ብቻዬን ማየት አልችልም።»

ሄድን። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ ወዲያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። ስንደርስ ክዳኑ ወርዷል። ወንዳወቅና ሦስት ጎረቤቶቹ እንጨቱን እየነቀሉ ነበር። ወንዳወቅ ግንባሩ ሰፊ፣ ሳቁ የሚቀድመው ገበሬ ነው። እህቱን ጉንጫቸውን አገላብጦ ሳመና እንደ ወግ ጠየቀ።

«እቴ፣ የእናት ነው፤ ድርሻሽ አይቀርም። ቆርቆሮ በይ፣ ወይራውን በይ፣ ያሻሽን ምረጪ።»

እሳቸው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ስንት ዓመት ጨለማ የነበረው ቤት ጣራው ተነስቶለት ፀሐይ ሞልቶበታል። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉና እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ በዶማ የተገመሰ አንድ ጓል አነሱ። ስፋቱ የእንጀራ ሰፌድ ግማሽ ይሆናል። በጎኑ አዙረው ፊቴ ላይ ያዙት።

«እይ እስቲ መምህር።»

አየሁ። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ መሰለኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ሲለምደው መስመር አየሁ፤ ከዚያ ሌላ መስመር፤ ከዚያ ብዙ። እንደ ወረቀት የሳሱ ድርብርብ ልባሶች፣ አንዱ ቡና ዓይነት፣ አንዱ አመድማ፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተነጥፏል። የዛፍ ግንድ ሲቆረጥ የዕድሜው ቀለበት እንደሚታይ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ። ግድግዳም ዕድሜ እንዳለው፣ ዕድሜውንም እንዲህ ጽፎ እንደሚያስቀምጥ በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

«እያንዳንዷ አንድ ጳጉሜን ናት» አሉ። በጥፍራቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። ሃያ አለፉ፤ ሠላሳን አለፉ። አንዲት እንደ ደም የቀላች መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «ይቺ እኔ የተዳርኩበት ዓመት ናት። እማዬ ቤቱን በሙሉ በቀይ አፈር ለስና ሰው ጉድ አለ። ‹ልጄ ስትወጣ ቤቱ ይፈር› ብላ ነው ያቀላችው።» ጣታቸውን ወደ ዳር አንሸራተቱ። «የመጨረሻዋ ይቺ ናት፤ እይ፣ ውፍረቷ አንድ ዓይነት አይደለም። እጇ እየደከመ ነበር።»

የአንዲት እናት ዕድሜ፣ ዓመት በዓመት፣ የደከመችበት ሳይቀር ዓይኔ ፊት ነበር።

እትዬ አቻምየለሽ ጓሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

«ወንዴ፣ መርጫለሁ።»

«ምን?»

«ጭቃውን።»

ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው ተያዩ። ወንዳወቅ በሳቅ ፈነዳ።

«እቴ! አባታችን ሲመኘው የሞተውን ጭቃ ሹምነት አንቺ ልትሾሚ ነው?»

ሁሉም ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱት። «አዲስ አፈር ስታቦካው ገና ጠባዩን አታውቀውም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል። ይኼ ግን መሰንጠቁን ጨርሷል። ስንት ክረምት ስንት በጋ አይቶ ተረጋግቷል። ለአንተ ፍርስራሽ ነው፤ ለእኔ የበሰለ ነገር ነው። ደግሞስ እማዬ የነካችው ይኼ አይደለም እንዴ? እንጨቱንማ አባዬ ነው የቆረጠው።»

ወንዳወቅ ሳቁን ዋጠ። «ውሰጂው» አለ። «ሁሉንም ውሰጂው። የበሩንም ሳንቃ ጨምሪበት፤ ዋንዛ ነው፣ ለማገዶ ያሳሳል።»

የቡሬ አይሱዙ ተለምኖ መጣ። ጓሉን በባዶ ማዳበሪያ እየሞላን ጫንን። ሾፌሩ ጭቃ ከገጠር ወደ ከተማ ሲጭን ያ የመጀመሪያው ነበርና እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ማታውን ለልጃቸው ደወሉ። «ማርያማዊት፣ ያ ዕቃ ይቅር። ለሌላ ሰው ይስጡት። ቤቴን እኔ እለስነዋለሁ» አሉ። ወዲያ ማዶ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ስልኩ ቶሎ ተዘጋ።

በማግስቱ ጓሉን ደጅ ላይ ፈርፍረው ውኃ አጠጡት። አዲስ ጭቃ ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት መቡካት ነበረበት፤ ይኼ ግን በሦስተኛው ቀን እንደ ሊጥ ሆነ። ሱሪዬን ሰብስቤ እኔም አብሬ ረገጥኩ። በእግሬ ጣቶች መካከል የሚሾልከው ጭቃ ልስላሴው ቅቤ ነው። ውስጡ ያለው ጭድ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አልበሰበሰም፤ አንዱን መዝዘው በፀሐይ ሲያሳዩኝ ወርቅማ ነበር። ስለዚህ አዲስ ጭድ አልጨመሩበትም፤ አንድ እፍኝ እንኳ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በኋላ ስለሆነው ነገር ነው።

ኮርኒሱን የሠራው ገደፋው ነው። ገደፋው ከቡሬ ወዲያ የሚኖር የአዊ ተወላጅ ሲሆን፣ ቀርቀሃ ከጓሮው የማይታጣ፣ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ፈጣን ሰው ነው። ቀርቀሃውን ሰንጥቆ በስሱ ላገው፤ መሬት ላይ ዘርግቶ እንደ ሰሌን ሠራውና አራት ሆነን አንስተን ጣራው ሥር ሰቀልነው። ከጣራው ጠርዝ ገብቶ በቀርቀሃው ክፍተት የሚያልፈው ብርሃን ተሰባብሮ ግድግዳው ላይ ሲፈስ፣ ገደፋው ራሱ ቀና ብሎ እያየ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ብጠይቀው «ለአማርኛ አይመችም» ብሎኝ አለፈ። ከዋንዛው ሳንቃ ደግሞ መደርደሪያና የመስኮት ደፍ አወጣለት፤ ተልጎ በኑግ ዘይት ሲታሽ የማር ቀለም አወጣ።

ከዚያ እትዬ አቻምየለሽ ልስኑን ጀመሩ። አምስት ቀን ፈጀ። እኔ ጭቃ አቀብላለሁ፤ እሳቸው ይወረውራሉ፣ ይጫናሉ፣ በመዳፋቸው ጠርዝ ይገፋሉ። ውኃ ልክም ገመድም የለም። ሲጨርሱ ረጅም ጣውላ አምጥቼ በተንኮል ግድግዳው ላይ ጋደም አደረግኩት፤ ከጣውላውና ከግድግዳው መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። ዘወር ብለው አዩኝና «ጣውላህ ደኅና ነው፤ ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ።

የመጨረሻው ነጭ ልባስ የሚደረገው ይህ ሲደርቅ ነበር። ሰኔ ግን ገባ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ወረደ። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ የማርያማዊት ባል ደወለ፤ ምጥ ጀምሯታል። እትዬ አቻምየለሽ ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው፣ «መስኮቱን አልፎ አልፎ ክፈትልኝ» ብለው ወደ ባሕር ዳር በረሩ።

እኔ ደግሞ የፈተና እርማት ላይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መስኮቱን ረሳሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ትዝ አለኝና ደንግጬ ሄድኩ። ጠረኑ ቀድሞ ደረሰኝ፤ ዝናብ ያረፈበት የማሳ ጠረን ነው። በሩን ገፋ አደረግኩ።

ግድግዳው አረንጓዴ ነበር።

ሻጋታ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ሻጋታ አይደለም። ከግድግዳው ፊት፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ደረቴ፣ በአንዳንድ ቦታም ከራሴ በላይ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የቀጠኑ ቡቃያዎች በቅለዋል። ሁሉም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከመርፌ ራስ ያነሰች የውኃ ጠብታ አለች። በሩን ስከፍት ነፋስ ገባና ግድግዳውን በሞላ ሞገድ መታው። ግድግዳ ሲወዛወዝ አይቼ አላውቅም። የት እንደቆምኩ ጠፋኝ። ባርኔጣዬን ማውለቄን ያወቅኩት ኋላ እጄ ላይ ሳገኘው ነው።

ደወልኩ።

«እትዬ፣ ግድግዳው በቅሏል።»

«ምን አልከኝ?»

«ግድግዳዎ በቅሏል። ቡቃያ አብቅሏል፤ ቤቱ ማሳ መስሏል።»

የሕፃን ልቅሶ በስልኩ ይሰማኛል።

«አትንካው» አሉ። «መጣሁ።»

መንገዱ ክፍት ነበርና በማግስቱ ከቀትር በፊት ደረሱ። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ገብተው መካከል ላይ ቆሙ። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ቀርበው በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት፤ አንዲት ቡቃያ በጥፍራቸው ነቅለው ሥሯን አዩ።

«ጤፍ ነው» አሉ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነበር።

እኔ መምህርነቴ አላስቀምጥ አለኝ። «እትዬ፣ ከማዳበሪያው ይሆናል። ጤፍ የነበረበት ከረጢት ቢሆንስ? ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ዘር ይበቅላል ብዬ ለመናገር…»

«ይሆናል» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አንተ ታውቃለህ። ግን እማዬ ስታቦካ ጭዱን አታበጥርም ነበር። ‹ፍሬው ይጥፋ እንዴ?› ስላት ‹ለግድግዳውም ድርሻ አለው› ትለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ተቀምጠው አለቀሱ። አላባበልኳቸውም፤ ለቅሶው የሐዘን አልነበረም።

ሐምሌ ሊገባ ነበር፤ ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ። ከወፈረበት ቦታ ቡቃያውን ከነጭቃው በማንኪያ እየፈለቀቁ ጓሮ ውስጥ በተዘጋጀ መደብ ላይ ተከሉት። የተፈለቀቀውን ቦታ ወዲያው ይደፍኑታል። ግድግዳው ላይ የቀረው እርጥበቱ ሲያልቅ ቢጫ ሆነ፤ ደረቀ። እሳቸው በእጃቸው አበሱትና ተራገፈ። ሥሩ ግን ውስጥ ቀረ። ያን ጭቃ በጥፍሬ ለመፋቅ ሞክሬ አልቻልኩም፤ ሺህ ክር የገባበት ጨርቅ ሆኗል። ነጩን አፈር በተልባ ውኃ በጥብጠው ቀቡት፣ ሲጠነክር ከላህ ወንዝ በለቀሙት ልሙጥ ድንጋይ ቀን ሙሉ አሹት። ግድግዳው የእንቁላል ቅርፊት መሰለ፤ አያብለጨልጭም፣ ግን ብርሃን ይዞ የሚያቆይ ነገር አለው። ያን ከመስኮቱ ጥግ ያመጡትን ጓል ደግሞ ሳይፈረፍሩ፣ የተደራረበው ጎኑ እንዲታይ አድርገው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ቀበሩት።

ጓሮ ያለው ጤፍ አደገ። ጥቅምት ላይ ዛላው ወጣ። በእኛ አካባቢ ዛሬ የሚዘራው ነጩ ጤፍ ነው። ይኼ ግን ሲበስል ቀላ፤ ከመቅላትም አልፎ ጠቆረ። ኅዳር ላይ ወንዳወቅ እህቱን ሊጠይቅ መጣ። በጓሮ በኩል ሲያልፍ አይቶት ቆመ። አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፣ ገለባውን እፍ አለው፤ የቀረውን ፍሬ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ያ ሳቁ የሚቀድመው ሰው አልሳቀም።

«እቴ» አለ፣ «ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ሰጥተኸኝ ነው።»

«ይኼ የእማዬ ቀይ ጤፍ ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ የዘራው የለም። እኔ ራሴ ነኝ ‹ምርት አይሰጥም› ብዬ የተውኩት።» ፍሬዋን መዳፉ ላይ እንደያዘ ቁጭ አለ። «ዘራችን ጠፍቷል ብዬ ነበር እኮ።»

ይህ የሆነው በሳይንስ እንዴት ነው ብትሉኝ፣ አዴት የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ጠይቄ ነበር። «ደረቅና ጨለማ ቦታ ከነበረ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳልመረምር አልምልልህም» አለኝ። እኔም አልምልም። የማውቀው ያየሁትን ነው።

ማርያማዊት ለጥምቀት ልጇን ይዛ መጣች። ከሰኔ ወዲህ ስለ ቤቱ በስልክ አንስታ አታውቅም ነበር። ገብታ ቆመች። ቀና ብላ ቀርቀሃውን አየች፤ ዋንዛውን ዳሰሰች፤ ግድግዳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለችው ጓል ዓይኗን ሳበቻት።

«እማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

እናቷ ነገሯት። ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ቀይዋ መስመር፣ ስለ ደከመችው የመጨረሻ ልባስ። ማርያማዊት ጎንበስ ብላ በጣቷ ስትከተል ቆየችና፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እኔ የተወለድኩበት ዓመት የቷ ናት?»

«ከቀይዋ ቀጥላ ሦስተኛዋ።»

ጣቷን እዚያች ላይ አቆመች። ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ ፎቶ የምታነሳ መስሎኝ ነበር፤ አጥፍታ መለሰችው። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አስተኛችው። «ይቅርታ እማ» አለች። እትዬ አቻምየለሽ «ለምኑ?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

አሁን ሰው ቤቱን ለማየት ይመጣል። መጀመሪያ የሠፈር ሰው ነበር፤ ቀጥሎ ከቡሬ፣ ኋላም ከሩቅ። ከጅጋ ሁለት እህትማማቾች ምርጊት ሊማሩ መጥተው ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እሳቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ «መጀመሪያ የፈረሰ ቤት ካላችሁ አሳዩኝ» ይላሉ። እኔ ሳልቀር የብሎኬት ቤቴን በምን እንደሚያለብሱልኝ ጠይቄያቸው ተራ ይዣለሁ።

ወረፋው ግን ረጅም ነው። በዚህ መጋቢት ወንዳወቅ ዘንድ ናቸው፤ የብሎኬት ቤቱን ሳሎን ውስጡን በጭቃ እየለሰኑለት ነው። ትናንት ደወሉልኝ። ጭቃው ብሎኬት ላይ አልይዝ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው፤ በሦስተኛው ግን ያዘ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ደስ ግን ብሏቸዋል።

«መምህር» አሉኝ፣ «ለገደፋው ንገርልኝ፤ ቀርቀሃውን ማክሰኞ ይዞ ይምጣ። ወንዴ ኮርኒሱንም እፈልጋለሁ ብሏል።»